ያላደረስኩት የናስ ሰሌዳ

ናስ ሲሞረድ የራሱ ሽታ አለው። ልጅ ሆኖ ሳንቲም ባላበው መዳፉ ጨብጦ ሱቅ የተላከ ሰው ያውቀዋል፤ እጅ ቢታጠብም ቶሎ አይለቅም። ጉደር ላይ ባለችኝ ወርክሾፕ ውስጥ ናስ የሚገባው ከስንት አንዴ ነው፤ የምሠራው የብረት በር፣ መስኮትና የአጥር ፍርግርግ ነው። ባለፈው ሳምንት ግን አንድ ደንበኛ የድሮ የሳጥን ቁልፍ ይዞ መጣና «አስመስለሽ ሥሪልኝ» አለኝ። ሞረዱን ሁለቴ እንዳስኬድኩት ሽታው ተነሣ። እጄ በዚያው ቆመ። ሰውዬው ቁልፉን ያበላሸሁበት መስሎት ደነገጠ።

«ደህና ነው፤ ነገ ይምጡ» ብዬ ሸኘሁት። ከዚያ የመሣሪያ ሳጥኔን ከፍቼ፣ ከካቻቪቴዎቹ ሥር፣ በአሮጌ ጨርቅ የተጠቀለለች ሰሌዳ አወጣሁ። ርዝመቷ ከመዳፌ አይበልጥም። በቀይ መደብ ላይ አምስት የናስ ፊደላት ቆመውባታል፤ «በላይነሽ» ይላሉ። የእኔ አይደለችም። ለባለቤቷ እንዳደርስ በአደራ የተሰጠችኝ ናት። እንዴት እንደተሰጠችኝ ላውጋችሁ።

ያኔ አምቦ የቴክኒክ ኮሌጅ ተማሪ ነበርኩ። አባቴ ከሸነን ሲልከኝ አንድ ጆንያ ጤፍና አንድ ምክር አስይዞኝ ነበር። ጤፉ በሦስት ወር አለቀ። ምክሩ «ሽማግሌ ያለበት ግቢ ተከራዪ» የሚል ነበርና፣ ከሁሉቃ ወንዝ ብዙም ሳይርቅ በአንድ ግቢ የሁለት አረጋውያን ተከራይ ሆንኩ። ባልየው ዕድሜያቸውን ሙሉ ድሬዳዋ በባቡር ጋራዥ የሠሩ፣ ጡረታ ሲወጡ ወደ ትውልድ ከተማቸው የተመለሱ ሰው ነበሩ። እኔ አባባ እላቸው ነበር፤ ሚስታቸውን እማማ። አንዲት ልጃቸው ጉደር ነርስ ነበረች፤ እሑድ እሑድ እየመጣች ትጠይቃቸዋለች።

ክፍሉን ለማየት በገባሁበት ቀን ሳሎናቸው ውስጥ፣ ቡፌው ላይ፣ በዳንቴል የተሸፈነ ረዘም ያለ ነገር ነበር። ምን ይሆን ብዬ ዓይኔን ስተክል እማማ አዩኝና ዳንቴሉን እንደ ሙሽራ ዓይነ ርግብ በሁለት ጣታቸው ገለጥ አደረጉት። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ትንፋሼ ተቋረጠ። ባቡር ነበር። ክንድ የሚያህል፣ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ፣ ጭስ ማውጫው በናስ የተከፈፈ፣ ጎማዎቹን የሚያያይዙት ዘንጎች እንደ መስታወት ፊት የሚያሳዩ። እያንዳንዷ ብሎን የእህል ፍሬ ታህላለች። በምዕራብ ሸዋ የባቡር ሐዲድ አልፎ አያውቅም፤ ባቡርን በመጽሐፍ ላይ እንጂ በዓይኔ አይቼ አላውቅም ነበር።

«ይሄዳል?» አልኩ።

«ይሄዳል እንዴ!» አሉ እማማ። «ውሃ ጠጥቶ፣ እሳት በልቶ ይሄዳል። ስሙንስ አላነበብሽም? እኔ ነኝ።»

በሁለቱም ጎኑ አንዳንድ የናስ ሰሌዳ ተበጅቶለታል፤ ሁለቱም «በላይነሽ» ይላሉ። እማማ በአንዱ ላይ «ሃ» ብለው ተነፈሱበትና በነጠላቸው ጫፍ ክብ ክብ እያደረጉ ወለወሉት። ዞረውም ሌላውን። በኋላ እንዳየሁት ይህን በየቀኑ ያደርጉት ነበር።

አባባ ባቡሩን የሠሩት በወጣትነታቸው ነው። ወላጆቻቸው ከጌዶ በኩል ልጅ አጩላቸው፤ ሠርጉ ተደገሰ፤ እሳቸው በወሩ ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ሙሽራዋ አምቦ ከአማቷ ጋር ቀረች። በሰው እጅ በምታስጽፈው ደብዳቤ ሁሉ መጨረሻ ላይ «ለመሆኑ ባቡር ምን ይመስላል?» ትላቸዋለች። «ባቡር በደብዳቤ አይጻፍ ነገር» አሉኝ አባባ ሲያጫውቱኝ። ስለዚህ ከሥራ ሰዓት በኋላ እየቆዩ፣ ከተጣለ ቧንቧና ከተሰባበረ መዳብ፣ የምር የሚሄድ ባቡር ሠሩላት። ጊዜያቸው አልፎ ከጋራዡ ጀርባ የቆሙትን የእንፋሎት ባቡሮች በክር እየለኩ አሳንሰው ቀዱት። አራት ዓመት ፈጀባቸው። በብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ በአውቶቡስ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው አምቦ አስገቡት። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ እማማ ፊደል ሲለዩ መጀመሪያ ለብቻቸው ያነበቡት ቃል የሰሌዳው ስም ነበር።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። በላይነሽ አባታቸው ያወጡላቸው ስም አይደለም። በእኛ አገር ሙሽራ ባሏ ቤት ስትገባ አማቷ አዲስ ስም ታወጣላታለች፤ ከዚያ ወዲያ በዚያ ቤት የምትጠራው በእሱ ነው። የልጅነት ስሟ አባቷ ቤት ይቀራል። ባል እንኳ አያነሣውም፤ ቢያነሣው ገና እንደ ባዕድ ልጅ እንደሚያያት ይቆጠርበታል። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ ለእማማ አንዱን መልአኩ፣ አንዱን አማታቸው አውጥተውላቸው ነበር።

አባባ ባቡሩን የሚያስነሡት በዓመት አንዴ ብቻ ነው፤ ከመስቀል በኋላ ባለው እሑድ። እኔ ግቢው የገባሁት በኅዳር ስለነበር የዚያ ዓመቱ አምልጦኛል። የሚመጣውን መስቀል መቁጠር ጀመርኩ። ጎረቤት ሁሉ ስለ ባቡሩ እያወራ ያስጎመጀኝ ነበር።

በዚያው ዓመት እማማ መርሳት ጀመሩ። መጀመሪያ የረሱት እሳት ላይ የተጣደ ድስት ነበር። ቀጥሎ ቀኑን። ቀጥሎ ልጃቸውን በሟች እህታቸው ስም መጥራት አመጡ። ፋሲካ ገደማ አባባ «በላይነሽ!» ብለው ሲጣሩ አይዞሩም። «ጆሮዋ ነው» ይሉ ነበር አባባ። ጆሯቸውማ ደህና ነበር፤ እኔ ክፍሌ ውስጥ ሳስነጥስ ከጓሮ ሆነው «ይማርሽ» ይሉኛል።

በሰኔ አንድ ቀን ከትምህርት ስመለስ እማማ ግቢ ውስጥ የሉም። ፈልገን ፈልገን መናኸሪያ አገኘናቸው፤ «ጌዶ! ጌዶ!» እያለ ከሚጣራው ረዳት አጠገብ፣ ልብሳቸውን በነጠላ ቋጥረው ቆመዋል። «ወዴት ነው እማማ?» ብላቸው «ወደ አባቴ ቤት» አሉኝ፣ መንገድ እንዳልዘገየበት ሰው ረጋ ብለው። አባታቸው ሲሞቱ እኔ ገና አልተወለድኩም ነበር። ሁለተኛ ጊዜ ሄዱ፣ መለስናቸው። ሦስተኛው ጊዜ በሐምሌ ዝናብ፣ በእግራቸው፣ ጉደር መዳረሻ ድልድዩ ላይ ተገኙ። አንድ ባለ ባጃጅ ነው አሳፍሮ ያመጣቸው። እግራቸው አብጦ ነበር። ቋጠሯቸውን ግን አልለቀቁም፤ ቤት ሲገቡም ከበሩ ኋላ አስቀመጡት፤ ለነገ።

በዚያ እሑድ ልጃቸው እያለቀሰች መጣች።

«አባዬ፣ በሩን እንቆልፍባት። ወንዝ አለ፣ መኪና አለ፤ አንድ ቀን…» አልጨረሰችውም።

«ሚስቴን አላስርም» አሉ አባባ።

«እንግዲያው ጉደር እወስዳታለሁ፤ ከዓይኔ አትጠፋም። ከሁለት አንዱን ምረጥ።»

አባባ ከበሩ ኋላ ያለውን ቋጠሮ ብዙ ጊዜ ተመለከቱት። «ባቡሩ እስከሚነሣ ድረስ ታገሺኝ» አሏት በመጨረሻ። «ከመስቀል በኋላ ትወስጃታለሽ።» ከጡረታ ወዲህ አንድ ቀን ተለያይተው ያላደሩ ሰዎች ነበሩ። ድሬዳዋ የበላባቸውን ዓመታት እየከፈላት ነው እያሉ ጎረቤቶች ይቀልዱባቸው ነበር።

በነሐሴ አንድ ጠዋት ወደ ሱቅ ልወጣ ስል በሳሎኑ በር እማማን አየኋቸው። ዳንቴሉን ገልጠው በጣታቸው ፊደሎቹን አንድ በአንድ እየነኩ ያነብባሉ። «በ… ላ… ይ… ነ… ሽ።» ወደ እኔ ሲዞሩ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«ይህቺ በላይነሽ ማናት?»

ሳቄ አመለጠኝ። ዛሬም በዚያ ሳቅ አፍራለሁ። «እማማ፣ እርስዎ ነዎት እንጂ!»

«አታሹፊብኝ። እኔ ስም አለኝ፤ ሎሚ ነኝ።» ነጠላቸውን ሰብሰብ አደረጉ። «ቤቱን እጠርጋለሁ፣ አብሬው ማዕድ እቀርባለሁ፤ ለካ ሰውየው ባለትዳር ነው። ስሟን በናስ አሠርቶ ሳሎኑ ላይ አስቀምጦላታል። ቀንቼ አይደለም፣ ልጄ። ግን መጥታ እዚህ ብታገኘኝ ምን እላታለሁ? ከሰው ትዳር ውስጥ ልውጣ።»

የሱቁን ነገር ረሳሁት። እኛ ሁላችን መንገድ የሚስቱ፣ ቤታቸው የጠፋባቸው መስሎን ነበር። እሳቸው ግን የሚሄዱት አውቀው ነው፤ የሌላ ሴት ትዳር ላለማፍረስ። አእምሮአቸው ሁሉን ጥሎባቸው ጨዋነታቸውን አልጣለም። እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼም አይቼም አላውቅም።

አባባ ጓሮ፣ ከድሬዳዋ ያመጡት የብረት መያዣ ሞርሳ በታሰረበት የሥራ ጠረጴዛ አጠገብ ነበሩ። እማማ ያሉትን አንድ ሳላስቀር ነገርኳቸው። ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«ስሟንም ነገረችሽ?»

«ሎሚ ነኝ አሉ።»

«አውቀዋለሁ» አሉ። «ሽማግሌዎች ሲጠይቁ አባቷ 'ሎሚን ሰጥተናል' ሲሉ ከደጅ ቆሜ ሰምቻለሁ። በአፌ ግን አንድ ቀን ብዬው አላውቅም። እናቴ በላይነሽ አለቻት፣ እኔም በላይነሽ አልኩ።»

እኔ ያኔም ዛሬም ችኩል ነኝ። «ታዲያ ሰሌዳዎቹን ነቅለን እንጣላቸዋ!» አልኩ።

«ስም የሌለው ባቡር ከጋራዥ አይወጣም።»

«እንግዲያው ሎሚ ብዬ በቀለም ልጻፍበት?»

«ቀለም ለባጃጅ ነው» አሉኝ። ከዚያ ሁለት እጃቸውን ዘረጉልኝ። እንደ ቅጠል ይንቀጠቀጡ ነበር። «ሰሌዳው ይለወጣል። በእነዚህ ግን አይሆንም። አንቺ ትሠሪዋለሽ፣ ኢንተላ።»

ኢንተላ ማለት ልጅት ማለት ነው፤ ደስ ሲላቸውም ሲጨንቃቸውም በኦሮምኛ ነበር የሚጠሩኝ። እኔ እስከዚያ ቀን በኮሌጁ የሠራሁት አንድ ወንበር ነው፤ መምህራችን ሊቀመጥበት አልደፈረም። ይህን ብነግራቸው «ወንበር ከባድ ነው፤ ይሄ ትንሽ ነው» አሉ። ትንሹ እንደሚከብድ የገባኝ ሲጀመር ነው።

መጀመሪያ አሮጌዎቹን መንቀል ነበረብን። በእያንዳንዱ ሰሌዳ አራት ጥቃቅን ብሎኖች አሉ፤ ያን ሁሉ ዘመን ከቦታቸው ንቅንቅ ብለው አያውቁም። ካቻቪቴ ልሰድ ስል እጄን ያዙኝ። በስንደዶ ጫፍ አንዳንድ ጠብታ ዘይት አደረጉባቸውና «ነገ» አሉኝ። በነጋታው «ነገ» አሉኝ። በሦስተኛው ቀን ብሎኖቹ በጣት እንኳ ዞሩ። «ብረት ሲለምኑት ይሰማል» አሉ። ሰሌዳው ሲነሣ ከሥሩ ያለው አረንጓዴ ቀለም ትናንት የተቀባ ይመስል ነበር፤ ሌላው ሁሉ ለካ በፀሐይና በውልወላ ደብዝዟል። አባባ በዚያች አራት ማዕዘን ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። «ይሄን ቀለም ስቀባ ፀጉሬ ጥቁር ነበር» አሉ።

ናሱን ያገኘነው ከእማማ አሮጌ የላምባ ምድጃ ነው፤ ጋዙ የሚሞላበት ሆዱ ናስ ነበር። በቆርቆሮ መቀስ ቆርጠን፣ በከሰል አቅልተን፣ ውሃ ውስጥ ነከርነው፤ ሲለሰልስ በእንጨት መዶሻ አስተኛሁት። ግቢው ላምባ ላምባ ሸተተ። ከዚያ ፊደሎቹን በቀጭን መጋዝ ለየብቻ መቁረጥ፣ መሞረድ፣ በሰሌዳው ላይ በስታኞ በይዶ ማያያዝ ነበር። አባባ ከኋላዬ ቆመው «ሞረድ ሲሄድ ይበላል፤ ሲመለስ አንሽው፣ ይረፍ» ይሉኛል። ይህን ዛሬ ለሠራተኞቼ በየቀኑ እለዋለሁ፤ ከየት እንዳመጣሁት ግን አልነገርኳቸውም።

የ«ሎ» ፊደል ቀለበት አቃጠለችኝ። ክር አክላ ልትጨርስ ስትል ትበጠሳለች። ሦስቴ ተበጠሰች። በሦስተኛው መጋዙን ጥዬ ወደ ክፍሌ ገባሁና አለቀስኩ፤ መስቀል ሁለት ሳምንት ቀርቶታል፣ ቋጠሮው ከበሩ ኋላ ነው። አባባ በሩን አንኳኩተው «አራተኛውን ሥሪ» አሉ፤ ሌላ አልጨመሩም። ወጥቼ ሠራሁ።

ሁለቱ ፊደሎች ሰሌዳው ላይ ሲቀመጡ ግን ቦታው በዛባቸው። አምስት ፊደል የነበረበት ነው። «ሰሌዳውን አጠር ላድርገው?» አልኩ።

«የድሮው ምልክት ይታያል። ሁሉንም ይሸፍን።»

«ባዶ መሰለ እኮ፣ አባባ።»

ፊደሎቹን በጥፍራቸው ወደ መሐል ገፋ አደረጓቸው። «ያኔ ልጅ ነበረች» አሉ። «ቦታ ይኑራት።»

ይህ ሁሉ ሲሆን እማማ ጥላ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠው ያዩን ነበር። «ምን እየሠራችሁ ነው?» ይላሉ በየመሐሉ። አባባ ቀና ሳይሉ «ለአንዲት ልጅ ስጦታ» ይሏቸዋል። «ታድላ» ይላሉ እማማ፤ ይረሱትና እንደገና ይጠይቃሉ፤ አባባም እንደገና ይመልሳሉ፤ እማማም እንደገና «ታድላ»። በቀን አሥር ጊዜ ያህል።

እሑዱ ደረሰ። ሰማዩ ጠርቶ፣ ግቢው በአደይ አበባ ቢጫ ሆኖ ነበር። አባባ ለባቡሩ የሠሩለትን ሐዲድ በግቢው የኮክ ዛፍ ዙሪያ ዘረጋን። ጎረቤቶች በርጩማቸውን ይዘው መጡ፤ ልጃቸውም የእናቷን ልብስ የምትጭንበት ሻንጣ ይዛ መጣች። አባባ ለባቡሩ የሚያጠጡት ከጣሪያ የተጠራቀመ የክረምት ውሃ ብቻ ነው። የአምቦ ውሃ ከመሬት ሲወጣ ጀምሮ እንደሚፈላ ታውቃላችሁ። አንድ ዓመት አንዱ ጎረቤት ይባረክ ብሎ የምንጩን ውሃ ሞልቶበት፣ ባቡሩ በጭስ ማውጫው አረፋ አስመልሶ ሰው ሁሉ ሸሽቶ ነበር ይባላል። ለእሳቱ ደግሞ አረቄ ነው። «ከሰው እየነጠቁ ለብረት» ብለው ሽማግሌዎቹ አጉረመረሙ፤ አንዳቸውም አልቀሩም።

አባባ እሳቱን ለኮሱ። ብዙ ጊዜ ምንም የለም። ከዚያ ከሆዱ ውስጥ ቀጭን ዜማ ጀመረ፤ ውሃው ነው። ዘይቱ ሞቆ ሸተተ፣ ናሱ ሞቆ ሸተተ። ከሥሩ አንዲት የእንፋሎት ጠብታ ጥስስ አለች። አባባ የእንፋሎቱን መክፈቻ በጣታቸው ነካ አደረጉ፤ ዘንጎቹ ተነቃነቁ፣ ጎማዎቹ ዞሩ፣ ያ ቡፌ ላይ ዓመት ሙሉ በዳንቴል ተሸፍኖ የከረመ ብረት ተነፈሰና ሄደ። ማንም አልገፋውም። ፍ፣ ፍ፣ ፍ እያለ ነጭ ትንፋሹን በአደይ አበባው ላይ እየተወ የኮኩን ዛፍ ዞረ። የሠራሁበት እኔ ነኝ፣ ውሃውንም እሳቱንም አይቻለሁ፤ ግን ሲሄድ ሳየው ፀጉሬ ቆመ። አጠገቤ የነበሩት ሴትዮ አማተቡ። አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

ሁለተኛውን ዙር ሲመጣ በእማማ ፊት አለፈ። አባባ ፍጥነቱን ዝግ አደረጉት። ፀሐይዋ ሰሌዳው ላይ አረፈችና ሁለቱ ፊደሎች አበሩ።

«ሎ… ሚ» አሉ እማማ።

እማማ ከበርጩማቸው ተነሥተው ባቡሩን ተከተሉት፤ እኔም እንዳይወድቁ ከኋላቸው። «መቃ ኮ ኤኙቱ ኢቲ ሂሜ?» አሉ፤ ስሜን ማን ነገረው ማለታቸው ነው። ድምፃቸው የልጅ ድምፅ ነበር። ከዚያ ወደ አባባ ዞረው በአማርኛ «ለእኔ ነው?» አሉ።

አባባ እንደምንም ቀጥ ብለው ቆሙ። ከንፈራቸው ሁለት ጊዜ ተንቀሳቅሶ ድምፅ አልወጣውም። በሦስተኛው ነው የወጣው።

«ለአንቺ ነው… ሎሚ።»

እማማ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው መሬት መሬት አዩ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሴት ሲሽኮረመሙ አይታችሁ እንደሆነ አላውቅም፤ እኔ አየሁ። አባባ የባቡሩን ፊሽካ አስጮኹ። ልጃቸው ፊቷን በሻንጣው ላይ ደፍታ ታለቅስ ነበር።

በዚያ ምሽት እማማ ከበሩ ኋላ ያለውን ቋጠሮ ራሳቸው ፈትተው ልብሳቸውን ሳጥን ውስጥ አስገቡ። ከዚያ ወዲያ መናኸሪያ አልሄዱም። በሩ አልተቆለፈም፤ ሻንጣውም ባዶውን ጉደር ተመለሰ።

ደስታው ግን ሙሉ አልነበረም። እማማ ከዚያን ቀን ጀምሮ አባባን «ጋሼ» ማለት ጀመሩ። ባቡር የሚሠሩ፣ የልጅነት ስማቸውን የሚያውቁ፣ ደግ እንግዳ ሰው አድርገው ነበር የሚያዩዋቸው። ማታ ማታ ማዕድ ሲቀርብ በትሕትና «ጋሼ፣ ባለቤትዎ ዛሬም አልመጡም?» ይሏቸዋል። አባባ «ትመጣለች» ይላሉ። በቀን ደግሞ ሲጫወቱ ይውላሉ፤ አባባ ስለ ድሬዳዋ፣ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ሐዲዱ ሲያወሩ እማማ እንደ አዲስ ይገረማሉ። «ሁለት ጊዜ ያገባ ሞልቷል» አሉኝ አንድ ቀን እየሳቁ፤ «አንዲቱን ሴት ሁለት ጊዜ የለመነ ግን ከእኔ ሌላ ያለ አይመስለኝም።»

ኮሌጁን ጨርሼ ልወጣ ስል አንዱን አሮጌ ሰሌዳ ሰጡኝ። ሌላው ኮት ኪሳቸው ውስጥ ነበር። እማማ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብለው ፀሐይ ይሞቃሉ፣ የጌዶ የልጅነት ዘፈን ያንጎራጉራሉ።

«አንቺ ያዢልኝ» አሉ አባባ። «እዚህ ካየችው መልሳ ትሄዳለች።» ወደ ሚስታቸው አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሎሚን አልጠላሁም፣ ኢንተላ። ግን በላይነሽ ናፍቃኛለች።»

ከሁለት ዓመት በኋላ በክረምት አባባ ሞቱ። ልጃቸው ኮታቸውን ስታነሣ ሰሌዳው ከደረት ኪሳቸው ተገኘ፤ እንደ መስታወት ያበራ ነበር። ባቡሩ ዛሬ ጉደር ልጃቸው ቤት ነው፤ እማማም እዚያው አንድ ዓመት ቆይተው ባላቸውን ተከተሉ። እኔ ግን የምነግራችሁ በአባባ ሣልስት ላይ የሆነውን ነው።

አምቦ፣ ድንኳኑ ውስጥ፣ እማማ አጠገብ ተቀምጬ ነበር። ዝናቡ ሸራው ላይ ይወርዳል። ጥቁር ለብሰዋል፤ ለማን እንደለበሱ ግን በትክክል አያውቁም ነበር። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ከቦርሳዬ ሰሌዳዋን አውጥቼ መዳፋቸው ላይ አኖርኳት። ምናልባት አንድ ጊዜ እንኳ ከእኛ ጋር አብረው እንዲያለቅሱላቸው ፈልጌ ይሆናል። እማማ አገላብጠው አዩዋት፤ በጣታቸው አነበቡ።

«በላይነሽ። ማናት?»

«የእሳቸው ባለቤት» አልኩ። «የባቡሩ ሰውዬ።»

«ይወዷት ነበር?»

«በጣም፣ እማማ።»

«ታድላ» አሉ። ዓይናቸው ውስጥ ቅናትም ቅሬታም አልነበረም። «ደግ ሰው ነበሩ። እኔን እንኳ ባዳዪቱን በስሜ ነው የሚጠሩኝ።» ሰሌዳዋን ወደ አፋቸው ጠጋ አድርገው «ሃ» አሉባትና በነጠላቸው ጫፍ ክብ ክብ እያደረጉ መወልወል ጀመሩ። «ምስኪን፣ ለለቅሶው እንኳ አልደረሰችም። ስታገኚያት በእጇ ስጪልኝ። አደራ።»

«እሺ እማማ፤ በእጃቸው እሰጣለሁ» አልኳቸው።

ሰሌዳዋ ያን ጊዜ በእጃቸው ነበረች፤ ወልውለው አልጨረሱም ነበር።